የአያ ፈንታ ፉከራና ሁለቱ ማይኮች

ግንቦት 3፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 11 ሰ.

ዛሬም ጆሮዬ ጭው ብሏል። ደብተሬ፣ አንቺ ቢያንስ አትጮሂም።

ልምምድ ከ8 እስከ 10 ሰ.። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ከድራሙ ጋር አብሮ ይመታል። ዳዊት (ጊታር ተጫዋች፣ የባንዱ አለቃ፣ ግትር) ጊታሩን ቀንሰው ስለው ፈገግ ብሎ ጨመረው። ቢኒያም ደግሞ ድራሙን እንደ በርበሬ ይወቅጠዋል። እና በዚህ መሃል ሰው ሊፎክር ነው!

ፎካሪው አያ ፈንታ ናቸው። ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው ትክል ድንጋይ የመጡ ገበሬ፣ አምሳን ያለፉ። ዳዊት ሰርግ ላይ ሰምቷቸው አበደ። ፉከራን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ካልቀላቀልኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ይዟቸው መጣ። ያለ ማይክ «ዘራፍ!» ሲሉ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ባንዱ ሲገባ ግን የት እንደሚገቡ እንጃ። አፋቸው ሲከፈት አያለሁ፣ ድምፅ የለም።

እሳቸውን ማሰማት የእኔ ሥራ ነው። ሚክሰሩ (ድምፅ ማስተካከያው) ላይ የተቀመጥኩት ሬዲዮ ስጠግን ዳዊት አይቶኝ ነው፤ ሦስት ወር ሆነኝ፣ እንዲህ የወደድኩት ነገር የለም። ቅዳሜ ሳምንት፣ ግንቦት 14፣ ትልቁ ዝግጅት። ያን ቀን አያ ፈንታ ካልተሰሙ ዳዊት ከባሕር ዳር ባለሙያ ያመጣል። አባዬም ያንኑ ቀን ነው የሚጠብቀው። ካልሆነልሽ ወደ ጨርቅ ሱቃችን ትመለሻለሽ፣ ጣጣ የለውም ብሏል። ለእሱ ጣጣ የለውም!

ግንቦት 5፣ ሐሙስ

ዳዊት ከአ.አ. አዲስ ማይክ አስመጣ። ቀጭን፣ የምታበራ፣ በስፖንጅ ተጠቅልላ በሳጥን የመጣች። ሙሽራዋ አልኳት። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ያያታል፣ ማንም አይነካትም።

ሞከርናት። ወይ ጉድ! ሙሽራዋ የማትሰማው የለም። አያ ፈንታን ትሰማለች፤ የቢኒያምን ድራምም፣ የበሩን ሲጥ ሲጥ ማለትም፣ ውጭ የሚያናፋውን አህያም። ሁሉንም እኩል አምጥታ ሚክሰሬ ላይ ትዘረግፈዋለች። ጸጥ ላለ ቤት ሸጋ ናት። ለእኛ ጫጫታ አትሆንም።

አሮጌዋን ብረት ማይክ አወጣሁ። ሁለቴ ወድቃ ራሷ የተጨረመተባትን። አሮጊቷ ከፊቷ ያለውን ብቻ ትሰማለች፣ ከኋላዋ ድፍን ደንቆሮ። ለሚጮህ ሰው እንዲህ ያለችው ናት የምትሻለው። ዳዊት አኮረፈ። ይኩረፍ።

አሁንም ግን አልሆነም፤ አያ ፈንታ ከማይኳ አንድ ክንድ ርቀው ነው የሚጮኹት። ጠጋ ይበሉ እላለሁ፣ እሺ ይላሉ፣ ሲጮኹ ይሸሻሉ። በመጨረሻ ምክንያቱን በሹክሹክታ ነገሩኝ። ከእሳቸው በፊት የባንዱ ዘፋኝ ተጠቅማባታለች፤ የሰው ምራቅ ባለበት አፌን አልጨምርም፣ የእኔም በሰው አይድረስ። ሳቄን ዋጥኩ። እውነታቸውን ነው እኮ! የማይኳን ወንፊት ፈትቼ እያዩኝ በሳሙና አጠብኩት። ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ብቻ ናት አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ መረቁኝ።

ከዚያ አንገቷን አንቀው ያዙ። ራሷን በመዳፍ ሲሸፍኗት ድምፁ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። እጀታዋ ላይ ቀይ ፕላስተር አሰርኩ፤ እጅዎ ከዚህ በላይ አይውጣ። ከከንፈራቸው ሁለት ጣት ራቅ።

10 ሰ. ላይ ተሰሙ! እያንዳንዷ ቃል! ቢኒያም ሳይቀር መምታቱን ትቶ አጨበጨበ። በደስታ በእግሬ ነው ቤት የገባሁት፣ ባጃጅ ትዝም አላለኝ።

ግንቦት 7፣ ቅዳሜ

ጉድ ሆንኩ።

ድብ ባሕር በምትባል ከተማ ሙከራ ዝግጅት ነበረን፤ ት/ቤት ሲመረቅ። ሜዳ ላይ፣ ሰው ግጥም ብሎ። ከፊት ረድፍ ሽማግሌዎች። ከመድረኩ ግራና ቀኝ ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች፣ አፋቸው ወደ ሕዝቡ። እኔ እንደ ንግሥት ሚክሰሬ ላይ።

አያ ፈንታ ጀመሩ። ቁልጭ ብለው ተሰሙ፣ ሰው ተነሣ፣ እልል አለ። ከዚያ ማይኳን ይዘው ከመድረኩ ዱብ! እየተንጎራደዱ ወደ ሽማግሌዎቹ። በስፒከሮቹ ፊት ለፊት! ማይኳ የራሷን ድምፅ መልሳ ሰማች፣ ስፒከሩ መልሶ ጮኸ፣ እሷም መልሳ... ፉጨቱ ጆሮ የሚበጥስ ነበር። ሕፃናት አለቀሱ። ከመንገድ ዳር የታሰረች በቅሎ ገመዷን በጥሳ ነጎደች፣ ባለቤቷ ከነጭብጨባው ተከተላት። አያ ፈንታ ግን አላቋረጡም፤ ፉጨቱንም የሙዚቃው አካል መስሏቸው ነው።

ድምፁን ዘጋሁት። የቀረውን ያለ ማይክ ፎከሩ፣ ማንም አልሰማ። ስንመለስ ዳዊት እስከ ጎንደር ስልኩን ሲጎረጉር ነበር።

ግንቦት 8፣ እሑድ

ዳዊት ደወለ። የባሕር ዳሩን ሰው ቀጠሮ አስይዞታል። ቅዳሜ አንድ ጊዜ ካፏጨ፣ በማግስቱ ሰውየው ይመጣል።

አባዬ ምሳ ላይ እንዴት ነበር አለ። ደህና አልኩ። ዓይኔን አየት አድርጎ አንድ ጣቃ አዲስ ጨርቅ ገብቷል፣ ሰኞ ትቆርጫለሽ አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ። ከዚያ ምሳዬን ጨረስኩ፣ ርቦኝ ነበር።

ግንቦት 10፣ ማክሰኞ

አያ ፈንታን ለመንኳቸው። መድረኩ ላይ ብቻ ይቁሙ፣ አይውረዱ። ቅር አላቸው።

«ምነው ልጄ? ለማን ልፎክር ታዲያ? ለድራሙ?»

አስረዱኝ። ፉከራ ዘፈን አይደለም። ለሰው ነው የሚፎከር፤ የተከበረ ሰው ፊት ተሂዶ፣ ዓይን ለዓይን። ወዲያ ወዲህ መንጎራደዱም ለዚያው ነው። ቆሞ ወደ ባዶ አየር የሚፎክር፣ እብድ ነው ይባላል። በልምምድ ጊዜ ለምን አልወረዱም ብላቸው፣ ማን ተቀምጦ ነበርና አሉኝ።

እውነት! ባዶ ወንበር ፊት አስተካክዬ ተኩራራሁ። የጎንደር ልጅ ሆኜ፣ ስንት ሰርግ ላይ ፎካሪ እንግዳው ፊት ሲሄድ እያየሁ አድጌ፣ ይኼን ረሳሁ። ድንቄም ባለሙያ!

ግንቦት 12፣ ሐሙስ፣ ማታ

ጠዋት ጨርቅ እየቆረጥኩ መጣልኝ። መቀሱን ጣልኩት።

እሳቸው ወደ እንግዳው የሚወርዱ ከሆነ፣ እንግዳው ወደ እሳቸው ይውጣ! የክብር ወንበር መድረኩ ላይ። ከስፒከሮቹ ኋላ።

ከሰዓት አዳራሹ ሄጄ ሞከርኩ። ወንበሩን የት? ይኼ ነው ቁም ነገሩ። አያ ፈንታ ፊታቸውን ወደ ወንበሩ ያዞራሉ። ማይኳ ደግሞ አፋቸውንና ከእሳቸው ኋላ ያለውን ትሰማለች፤ በወንበሩ በኩል ያለው ደንቆሮው ጀርባዋ ነው። እንግዲያው ትልቁን ጫጫታ ከወንበሩ ኋላ ማድረግ! ድራሙን ወደ ግራ ጥግ አዞርን፣ ወንበሩን ከድራሙ ፊት አደረግን። ከአያ ፈንታ ኋላ ጸጥ ያለ ግድግዳ። ሕዝቡ ከጎን ያያቸዋል። እንደፈለጉ ይንጎራደዱ!

ቢኒያም ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ በሌላ ሰው አስመታና ዘሎ ተነሣ። እዚህ የሚቀመጥ ሰው ከጆሮው ይሰናበት አለ። አያ ፈንታ ግን ወንበሩን ሲያዩ ጢማቸውን አሻሹ። አሁን አገኘሽው ልጄ፣ ሸጋ ነው አሉ።

ግንቦት 14፣ ቅዳሜ፣ 7 ሰ.

ከሁለት ሰዓት በኋላ ይጀመራል። የክብር እንግዳ የለም! ሦስት ሽማግሌ ጠየቅን። አንዱ ድራሙን አይተው ምን አጠፋሁ አሉ። ሁለተኛው ራሴን ያመኛል። ሦስተኛው ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

7:30። አባዬ በር ላይ ቆሟል። ሊያየኝ መጣ! ዳዊት «ሐጂ፣ ሐጂ!» እያለ እጁን ስቦ ወደ መድረኩ... ኧረ በአላህ! ማንን ነው የሚያስቀምጠው! ልሂድ።

ግንቦት 15፣ እሑድ፣ ጠዋት 3 ሰ.

ደብተሬ፣ በደንብ ስሚኝ።

አባዬ ተቀመጠ። እምቢ ማለት አፍሮ። ጥጥ ሰጠሁት፣ ኮስተር ብሎ ሁለቱንም ጆሮ ወተፈ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ቢኒያም ከጀርባው ሲጀምር አባዬ አንድ ጊዜ ከወንበሩ ብድግ አለ፣ መልሶ ተቀመጠ። የአያ ፈንታን ማይክ ከፈትኩ።

አያ ፈንታ ወጡ። አባዬን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። ዱላቸውን በአንድ እጅ፣ አሮጊቷን በሌላው፣ ከቀይ ፕላስተሩ በታች፣ ሁለት ጣት ራቅ። «ዘራፍ!»

ፎካሪ ቢጣራ አይሰማም ከሩቅ፣
እንግዳ ሲኖር ነው ወኔ የሚሞቅ!

እያንዳንዷ ቃል ደረሰች። የኋላ ረድፍ ድረስ! ሄዱ፣ መጡ፣ ተንበረከኩ፣ ዘለሉ፤ አንዲት ፉጨት የለም። ጊታሩም ድራሙም እየጮኸ እሳቸው ከሁሉ በላይ። የአባዬን ስም ጠርተው፣ የአያቴን ስም ጠርተው፣ ሳንጃና መተማ ድረስ በበቅሎ ጨርቅ የነገዱትን አነሱ። ከየት እንደሰሙ እንጃ። ሕዝቡ ቆመ። አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ ደግሞ ድምፁን ትንሽ ጨመርኩ።

ሲያበቁ አባዬ ተነሣ። ከትከሻው ነጠላውን አውርዶ ለአያ ፈንታ ደረበላቸው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። ዳዊት ከሩቅ አውራ ጣቱን አሳየኝ። የባሕር ዳሩን ሰው ቀርቷል በለው አልኩት፤ ድሮ ደውያለሁ አለ።

ከአባዬ ጋር ወደ ቤት ሄድን። ፒያሳን አለፍን። አላስቻለኝም፣ ፉከራው እንዴት ነበር አልኩት።

ቆመና ፈነዳ። ምን ፉከራ! የሰማሁት ድራም ብቻ ነው! ጥጡን አውጥቼም አልሰማሁ! ሰው ሁሉ እያለቀሰ ያየኛል፣ የአባቴ ስም ተጠራ ይሉኛል፣ ለእኔ ተፎክሮ አገር ሲሰማ እኔ አልሰማሁም! ይኼ ምን ዓይነት ሥራ ነው? «በሚቀጥለው ጊዜ አስተካክይው!»

በሚቀጥለው ጊዜ። ራሱ ነው ያለው፣ በገዛ አፉ። መንገድ ላይ አቀፍኩት፣ ሰው አየን፣ ተይኝ አንቺ ልጅ አለ፣ እሱ ግን አልለቀቀኝም።

ልክ ነው ደግሞ። ስፒከሮቹ ሁሉ ወደ ሕዝቡ ናቸው፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ምንም አይደርሰውም። አንዲት ትንሽ ስፒከር ከወንበሩ እግር አጠገብ አደርጋለሁ፣ አፏን ወደ እንግዳው። ነገ ጠዋት የሱቁን ቁልፍ ለእማዬ ሰጥቼ አዳራሽ እገባለሁ። አባዬም ይመጣል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚሰማልኝ እሱ ነው።