የወይዘሮ አስናቀች እንሰት ደን አይደለም

ይድረስ ለተከበሩት የካርቦን ፕሮጀክታችን መርማሪና አረጋጋጭ፣
ባሉበት።

በቅድሚያ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? በቀበሌያችን ጭቃ የተበላሸው ጫማዎ ጸድቶልዎት፣ እርስዎም ከድካምዎ አርፈው እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ጂኦግራፊ የማስተምረው ሆሴዕ ዋለ ነኝ፤ በኮረብታችን ላይ ካርቦን ከአየር እንዲስብ የተተከለው ደን በእርግጥ መኖሩን ሊያረጋግጡ ባለፈው ሰኔ በመጡ ጊዜ ያስተረጎምኩልዎት። እኛ ዕድሜ ልካችንን ኖረንበት ያላየነውን ጥቅጥቅ ደን በግማሽ ቀን ስላገኙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥቂት ቅሬታዎቼን ግን በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

፩. ወደ ኮረብታው ጫፍ የሚወስደው መንገድ ስለሚያዳልጥ፣ እዚያ ከተተከለው ችግኝ ግማሹ መድረቁን ሳያዩ ቀሩ። ከመኪናዎ ሳይርቁ የመንገድ ዳር ባሕር ዛፎችን ለክተው የቀረውን ከሳተላይት ፎቶ ስለሞሉት፣ ለጉልበትዎ ያለዎትን አክብሮት አደንቃለሁ።

፪. በፎቶው ላይ በየቤቱ ዙሪያ ጠቆር ብሎ የታየው አረንጓዴ በሪፖርትዎ «አዲስ የተፈጥሮ ደን» ተብሏል። ጌታዬ፣ እሱ እንሰት ነው። ተክለን፣ ስድስት ሰባት ዓመት ጠብቀን፣ ነቅለን የምንበላው ጓሯችን ነው። ያን ዕለት በቅቤ ርሶ የቀረበልዎትና ሁለቴ ያስጨመሩት አታካና የተሠራው ከዚሁ ነው፤ ደኑን እየበሉ ነበር የመዘገቡት።

፫. ይህኛው ጥፋት የእኛም ነው። ማዕድ ላይ የተቀመጠን እንግዳ ተሳስተሃል ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ «ደን» ብለው ሲጽፉ ሽማግሌዎቹም እኔም አንገታችንን ነቀነቅን፣ ወረቀቱን ሲያቀርቡልንም ፈረምን። ይሉኝታችንን «የማኅበረሰቡ ሙሉ ስምምነት» ብለው ስላከበሩልን አመሰግናለሁ፤ እኔ ግን አፍሬበታለሁ።

፬. ጎረቤቴ ወይዘሮ አስናቀች ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት የልጅ ልጆች ብቻቸውን ያሳድጋሉ። በጥቅምት ሁለት እንሰት ነቀሉ። በአዲሱ ፎቶ ላይ ቦታው ባዶ ሆኖ በመታየቱ «ደን መንጥረዋል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከፕሮጀክቱ ደረሳቸው፤ የቀሩትን ሦስቱን ቀጣዩ ምርመራ እስኪደረግ እንዳይነኩም ታዘዙ። ምርመራው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እንሰቶቹ ግን ዛሬ ደርሰዋል፣ ሊያብቡም ተቃርበዋል፤ ካበቡ ደግሞ ምግብነታቸው ያበቃል። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። የቆረጡት ዛፍ የቱ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓዳቸው ባዶ ነው፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት የሚመጡት ሳይበሉ ነው፣ ክፍል ውስጥ አያቸዋለሁ። ይህ በጣም አስጨንቆኛል።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ከመኪናዎ ራቅ ብለው፣ የወይዘሮዋን ጓሮ በእግርዎ እንዲረግጡልን፣ ሪፖርቱንም እንዲያርሙልን እማጸናለሁ።

ለሰማዩ ንጽሕና ሲሉ ምድሩን ለማየት ጊዜ ላጡት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

መምህር ሆሴዕ ዋለ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳበቃ መልስዎን ለመጠበቅ አስቤ ነበር፤ ልጆቹ ግን መጠበቅ አልቻሉም። ዛሬ ጠዋት ሦስቱንም እንሰቶች ከወይዘሮ አስናቀች ጋር ነቅለናል፤ የሰፈሩ ሴቶች አሁን እየፋቁ ነው። ሳተላይትዎ እስኪያልፍ እንዳይቸገሩ ቀድሜ ነገርኩዎት። ደን ጨፍጫፊዎችን ሲመዘግቡ ስሜን ከእሳቸው ስም በላይ ይጻፉልኝ።