ያልነከርኩት ቦት

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ይህን ብርድ እንዴት ቻለው? ባልሽን ማንሶፕን ሳሉ ለቀቀው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ የላክሽልኝን የጎመን ኪምቺ እንኳ ሦስት ቀን አልነካሁትም።

የአባታችን የመታሰቢያ ዕለት ከየት እንደመጣሁ አልነገርኩሽም። እንዳልዘገይ ብዬ በቀጥታ ከባሕሩ ዳርቻ የወፎች መጠለያ ነው የመጣሁት። ከንጋት ጀምሮ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ የዱር ዳክዬ ፎቶ ሳነሳ ነበር። ከዚያ የመጣ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ዳክዬ ቤት እንደማይረግጥ አውቃለሁ። አንቺ ከቤቴ የመጣሁ መስሎሽ "የዱሩን ስታነሳ ትውላለህ፤ የእኔዎቹ መልክ የላቸውም?" ብለሽ እጄን ጎተትሽ። የዳክዬ ቤትሽ በር ላይ ቦት የምንነክርበት የመድኃኒት ገንዳ በረዶ ሆኖ ነበር። ቆይ ማለት አቃተኝ፤ ተራምጄው ገባሁ።

የዛሬ ሦስት ቀን የመጠለያው ጠባቂ ወይዘሮ ኦክቡን "ያነሳሃቸው ዳክዬዎች አልቀው ተገኙ፤ የወፍ ጉንፋን ነው" አለችኝ። ሮጬ ፎቶዎቹን አጉልቼ አየሁ። አንዷ አንገቷ ተጠማዝዟል። ያኔ አቋቋሟ አምሮኝ ነበር ያነሳኋት፤ እኔ ሞኙ።

ሦስት ቀን ፈርቼ ዝም አልኩ። ትናንት ስደውልልሽ ድምፄ ከዳኝ፤ አንቺም "ምነው፣ እንደ ሙሽራ ትሽኮረመማለህ?" ብለሽ ሳቅሽብኝ። ቀጥለሽ "ሁለት ዳክዬ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ብርዱ ይሆናል" አልሽኝ።

ባለፈው ጊዜ በዚሁ በሽታ ዳክዬዎቻችሁ ሁሉ ተገድለው ሲቀበሩ ማንሶፕ የብርዱን ወራት ሁሉ ቃል ሳይተነፍስ ከርሟል። "ሌላ ጊዜ ከመጣብን እኔንም አብራችሁ ቅበሩኝ" ያለው ከጆሮዬ አልወጣም። ዝም ብል ደግሞ በሽታው የጎረቤቶቻችሁን ይጨርሳል።

ዛሬ ጠዋት ለእንስሳት ጤና ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ የእርሻችሁን አድራሻ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ማን ነህ ስትለኝ ወንድምሽ መሆኔን መናገር አቃተኝ፤ ጎረቤት ነኝ አልኳት።

እንግዲህ ይህ ሲደርስሽ ነጭ የለበሱት የቢሮው ሰዎች መጥተው ዳክዬዎቹን ቀብረው ሄደዋል። ማንሶፕን ለአፍታም ብቻውን አትተዪው። ጎረቤቶቹን ጠርጥሮ እንዳይጣላ ደብዳቤዬን አንብቢለት፤ ከፈለገ እኔን ይጥላኝ።

ሰማይ ያጽናችሁ፤ የአባታችን ነፍስ ከደጃችሁ አትራቅ። ያን ዕለት ቤትሽ ያነሳሁትን ፎቶ አብሬ ልኬልሻለሁ። ስምንቱም ሺህ ዳክዬዎችሽ ወደ አንቺ ዞረው ያያሉ። እውነትሽን ነው፣ መልክ አላቸው።

ታናሽ ወንድምሽ