ያልተጠየቀ ምርቃት

ጥር 20፣ ማክሰኞ

አቶ ገሠሠ ፔጆአቸውን ለሰርቪስ አስገቡ። ዓርብ ይወስዷታል።

ሌላ ሥራ የለም። ከአሰብ የመጡት ሁለት አዳዲስ መኪኖች በሚኒስቴር ደብዳቤ ተይዘው ነው የገቡት። የመኪና መሸጫችን ከተወረሰ ወዲህ የተሾመው ሥራ አስኪያጅ፣ ጓድ ደምሰው፣ ጠዋት በጠረጴዛዬ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ።

"ጓድ ትሩፋት፣ የሚሸጥ መኪና በሌለበት የደንበኞች ክፍል ምን ይሠራል?"

"የድሮዎቹን እንዳናጣ እንጠብቃለን።"

"ደንበኛ የቡርዧ ቃል ነው። ተገልጋይ በይ።"

እሺ፣ ተገልጋይ… ስሙ ቢቀየር ሰዎቹ አይመለሱ። ማን ቀረ? አንዳንዱ አገር ጥሎ ሄደ። አንዳንዱ መኪናው ተወሰደበት። ስለ አንዳንዱ ደግሞ አልጠይቅም። አቶ ገሠሠ ግን እዚህ ነፋስ ስልክ ድረስ በየሦስት ወሩ ይመጣሉ፣ ሠፈራቸው ርካሽ ጋራዥ ሞልቶ እያለ። ሦስት መኪና ከእኛ ገዝተዋል፤ ሦስቱንም የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያዋን ሲገዙ ገና ወንደላጤ ነበሩ። የውሃ ሥራ ቀያሽ ናቸው፣ መኪና አያያዝ ያውቃሉ።

ዘዴው የእኔ አይደለም። የድርጅቱ የቀድሞ ባለቤት የሙሴ አራም ነው። በርበሬ ነጋዴዋ ሰፍራ ስታበቃ አንድ እፍኝ ትመርቅ የለ? እሳቸውም መኪና ሲያስረክቡ ደንበኛው ያልጠየቀውን አንድ ነገር ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ክረምት ሲቃረብ የዝናብ መጥረጊያ። ለወለደች የመቀመጫ ልብስ። ሳይናገሩ። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ያገኘዋል፣ ይገረማል፣ ይደውላል። መኪና መለወጥ ባሰበ ጊዜ ሌላ ቦታ አይሄድም። "ደንበኛ አፉን ሳይከፍት ስሚው" ይሉኝ ነበር። በሄዱበት ይቅናቸው።

አሁንስ ለአቶ ገሠሠ ምን ላስቀምጥ? አላውቅም ገና።

ጥር 22፣ ሐሙስ

መካኒካችን ምትኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"እትዬ ትሩፋት፣ አቶ ገሠሠ ሩቅ ሊሄዱ ነው።"

"በምን አወቅህ?"

"የኋላውን ሞላ ቀይር አሉኝ። ትርፍ የሞተር ቺንጋ ስጠኝ አሉኝ። ከሻሸመኔ ወዲያ መንገዱ እንዴት ነው አሉኝ። እኔ ከሞጆ ወዲያ አላውቅ!"

ደወልኩላቸው። እናታቸው ዲላ ታመዋል። ጠንቶባቸዋል። ከቀበሌ እስከ ዲላ የይለፍ ወረቀት አግኝተዋል፣ ቅዳሜ ይነሳሉ።

"ቤንዚኑስ?" አልኳቸው።

"ኩፖኔ ለመሄጃ ይበቃል። ለመመለሻው አዋሳ አላጣም።"

ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አዋሳ ማደያው ደርቋል አለን። እና እናትየውን ወደዚህ ሐኪም ቤት ማምጣት ቢያስፈልግ?… መንገድ ላይ ሊቀሩ ነው።

የባለቤቴ ቮልስ እሱ ከሞተ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ኩፖኗ ግን በየወሩ ይመጣል። ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ክልክል ነው፣ አውቃለሁ። ግን የተከለከለው ለሚቸበችቡት ነው፤ እኔ አልሸጥኩ። የማደያው ሰው ያውቀኛል፤ ሁለት ጀሪካን ሞላልኝ። ምትኩ ከትርፍ ጎማው አጠገብ አስሮ በሸራ ሸፈነው። እንዳይንገጫገጭ።

እንዲህ ያለ ምርቃት ሙሴ አራምም አስቀምጠው አያውቁ።

ጥር 23፣ ዓርብ

ልንዘጋ ስንል መጡ። የኋላ ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስና ትራስ ደረደሩ፣ ለእናታቸው። ችኮላ ነው። የኋላውን ዕቃ መጫኛ አልከፈቱም።

"ዛሬስ ምን ደበቅሽብኝ?" አሉ ሞተሩን አስነስተው።

"ሲደርሱ ያዩታል።"

"እናቴ ስላንቺ ስነግራት ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? 'ይቺ ትሩፋት የምትላት በማን በኩል ነው የምትዛመደን?' ትላለች።"

"በፔጆ በኩል ነው በሏት።"

ሲስቁ አየኋቸው። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ጥር 26፣ ሰኞ

አልደወሉም። ዲላ ስልክ ማግኘት ቸግሮ ይሆናል።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ባለቤታቸው ገበያነሽ መጣች። ነጠላዋን አገጯ ድረስ ተከናንባለች። እንዳየኋት አንድ ነገር እንዳለ አወቅሁ።

"ከከተማ መውጫው ኬላ ላይ ያዙት" አለች። "ቅዳሜ ጠዋት። እኔ ዲላ ደርሷል ብዬ ተኝቻለሁ።"

አብሯቸው ታስሮ የተለቀቀ ሰው ነው የነገራት። ጥበቃው ከታንክህ ሌላ ቤንዚን ይዘሃል? አላቸው። አልያዝኩም አሉ። ክፈት አላቸው። ሲከፍቱ፣ ሸራው ሲነሳ፣ ሁለት ሙሉ ጀሪካን።

"ዋሸህ አሉት። የይለፍህ ዲላ ድረስ ነው፣ ይሄ ቤንዚን ግን ሞያሌ ያደርሳል፣ ወደ ኬንያ ልትኮበልል ነው አሉት። አሁን ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ አስረውታል። ማን ጫነልህ ሲሉት፣ አላውቅም። ከማን ገዛህ፣ አላውቅም። አላውቅም ብቻ! እህቴ፣ እናንተ ጋ ሳለች ነበረ እንዴ ጀሪካኑ?"

አጣራለሁ አልኳት።

አጣራለሁ! ሸራውን እያየሁ ያስሸፈንኩት ሴትዮ።

ጥር 29፣ ሐሙስ

አላውቅም ማለታቸው ውሸት ነው። ሸራው እንደተነሳ አውቀዋል። ከእኔ ሌላ ማን ያስቀምጥላቸዋል?

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ትናንት ጾም ገባ። ገበያነሽ ሽሮ ይዛላቸው ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ምሳ ዕቃውን እንደያዘች እኔ ጋ ገባች። በአጥሩ በኩል ለአፍታ አሳይተዋታል፣ ጥበቃው መሐል ቆሞ።

"ከስቷል። ጢሙ አድጓል። እና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ለትሩፋት መኪናዋ ደህና ናት በያት። ምንም መጨመር አያስፈልግም በያት።' አሁን የመኪና ወሬ የሚወራበት ጊዜ ነው? አእምሮው ተነክቶ ይሆን እንዴ?"

አእምሯቸው አልተነካም። ዝም በይ ማለታቸው ነው።

ነገርኳት። ሁሉንም። ስጨርስ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ለምን?"

"ለመመለሻ እንዲሆናቸው ብዬ ነው።"

"ጠየቀሽ?"

"አልጠየቁኝም።"

"ታዲያ!"

 ምሳ ዕቃዋን አንስታ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 9፣ እሑድ

እናታቸው ዓርብ አርፈዋል። ቴሌግራሙ ትናንት ገባ።

ቤታቸው ሄድኩ። አትገቢም ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ገበያነሽ በሩን ከፍታ ወንበር ሳበችልኝ። ጥቁር አልለበሰችም። ጥቁር ለብሳ ስንቅ ብታደርስ ሊያውቁ ነው።

"አልነግረውም" አለች። "መርዶ በአጥር አይነገርም። ዘመድ ሳይከበው፣ ለብቻው እዚያ ኩርምት ብሎ ሲያለቅስ ይደር? ዛሬ ምን አልኩት መሰለሽ… ይሻላታል አልኩት። እህል ቀምሳለች አልኩት። ደስ አለውና ሽሮውን ጠርጎ በላ።"

ከዚያ ዓይኔን እያየች፣ "ብትናገሪ ይለቁታል?"

"አላውቅም።"

"ካልተናገርሽስ?"

"አይለቋቸውም።"

ገበያነሽ ተናገሪ አላለችኝም። እኔም እናገራለሁ አላልኩም። 

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ለጓድ ደምሰው ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

"አብደሻል? ኩፖን ማስተላለፍ አንድ። የኮብላይ ተባባሪ ሁለት።"

"ኮብላይ አይደሉም።"

"አውቃለሁ! የምፈርደው እኔ ነኝ እንዴ?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚ፣ ሰውዬው ዝም ያለው ላንቺ ብሎ ነው። ዝምታውን ከንቱ ልታደርጊበት ነው? ሁለታችሁም ገብታችሁ ማን ይጠቀማል?"

 እውነቱን ነው ይሆናል… ግን እሳቸው ለእኔ ብለው የማያውቁትን ዕቃ ይሸከሙ?

"እናቱ እውነት ታማ ነበር?" አለ።

"ሞተዋል።"

መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ባዶውን የመሸጫ አዳራሽ ነው የሚያሳየው።

"የድርጅቱን ስም አታንሺ። በራስሽ ስም ሂጂ።"

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ቃሌን የተቀበለኝ ወጣት ነው፣ ልጄ ይሆናል። ወንበር ሰጠኝ።

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም።"

"ስንት ተቀበልሽ?"

"ምንም።"

"ሰው ሳይጠየቅ፣ ሳይከፈለው፣ ለመኪናው ባለቤት እንኳ ሳይነግር ቤንዚን ይሰጣል?"

"የሥራ ልማዴ ነው። ደንበኛ እንዲመለስ።"

"ይኸው ተመለሰልሽ፣ ከኬላ!" አለ። በሩ ላይ የቆሙት ሁለት ጥበቃዎች ሳቁ። አንደኛው ሲስቅ አፉን በእጁ ያዘ።

የተናገርኩት ሲነበብ ሰማሁት። ትክክል ነው። ሲነበብ ግን እኔንም ውሸት መሰለኝ። ፈረምኩ። ስትፈለጊ ትጠሪያለሽ አለኝ። ማደያው ያለውን ሰው ስም ጠየቀኝ፣ አላውቅም አልኩ። ምትኩንም አላነሳሁ። እኔም አላውቅም ማለት ለመድኩ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

አልተጠራሁም።

አንድ የድሮ ደንበኛ ፊያታቸውን ለዘይት ቅያሪ አስገቡ። ምትኩ እንደ ወትሮው ወደ እኔ መጣ።

"እትዬ፣ ምን እናስቀምጥላቸው? ቺንጋዋ ሳምንት አትቆይም። ያቺን ትርፏን ከኋላ…"

"አይ። እዚያ ቆመዋል፣ ሂድና ቺንጋው ሊበጠስ ነው በላቸው።"

"ምርቃቱ ቀረ?"

"ፊት ለፊት ንገራቸው። ከፈለጉ ይውሰዱ፣ ካልፈለጉ ይተዉት።"

ሄዶ ነገራቸው። እሳቸውም ወሰዱ፣ አመሰገኑም። ያን ያህል ቀላል ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው አፉን ሳይከፍት እሰማለሁ ስል፣ አፉን እንዲከፍት አልጠየቅሁም። ያን ሐሙስ ስደውል "ሁለት ጀሪካን ልጨምርልዎ?" ብላቸው ምን ይሉኝ ነበር? "ተይ ትሩፋት፣ ኬላ አለ" ይሉኝ ነበር።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ተጠራሁ። ጉዳዩ ለኮሚቴ ተላልፏል። የአቶ ገሠሠና የእኔ አንድ ላይ ነው የሚታየው። ወይ የእኔን ቃል አምነው እሳቸውን ይለቃሉ፣ ወይ ተመካክረዋል ብለው ሁለታችንንም ይይዛሉ። ወጣቱ ይህን የነገረኝ ሳይቆጣ ነው። ስወጣ ተከትሎኝ መጥቶ፣ "ስትመጪ ብርድ ልብስ ያዢ" አለኝ።

ገበያነሽ እንደተናገርኩ ነግራቸዋለች። "ማን ጠየቃት?" ነው ያሉት። ተቆጥተው ይሁን አዝነው መለየት አልቻለችም። እኔም አልጠየቅኋት።

የእናታቸውን አሁንም አያውቁም። ከተለቀቁ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ገብተው ያረዷቸዋል፤ ገበያነሽ ሰዎቹን ለምና ጨርሳለች። አንቺም ነይ አለችኝ። ወደ በሩ እየሸኘችኝ ነው ያለችኝ፣ ፊቷን አዙራ። ካልተለቀቁስ? እሱን አላወራንም።

ጓድ ደምሰው የፈቃድ ወረቀት ፈረመልኝ። ወደ ሥራ የምመለስበትን ቀን ሳይሞላ ተወው። የቤቴን ቁልፍ ለምትኩ ሰጠሁት።

ኮሚቴው የሚወስነው መጋቢት 2፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው።