ቢጫው የታለ?

ውድ አባዬ፣

ጠዋት ሰው ፊት «እርስዎ» ስልህ ጢምህን እየዳበስክ የሳቅከው ሳቅ ገና ከጆሮዬ አልወጣም። ቤት ውስጥ «አንተ» የምትልህ ልጅ አሠልጣኝ ሆና መምህራን ፊት ቆማ «መምህር፣ እርስዎ ይሞክሩት» ስትል እንዴት አያስቅ! አሁን ሁሉም ሄደዋል። ፕሮጀክተሩን አጥፍቼ አንተ በነበርክበት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ብደውል ብደውል ስልክ አታነሣም። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

ጠዋት እንዴት ያለህ ጎበዝ ነበርክ! ፕሮግራም መሥራት ሲባል ገና ከበር የሚያልባቸው መምህራን መሀል፣ አንተ የአንደኛ ክፍሉ አስተማሪ ቀደምካቸው። ትእዛዞቹ እንደ ሕፃናት መገጣጠሚያ መጫወቻ ባለቀለም ቁራጮች ናቸው፤ ቢጫው ያስጀምራል፣ ሰማያዊው ያንቀሳቅሳል፣ ሐምራዊው ያናግራል። አንድ ጊዜ አሳየሁህ፤ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ያለችውን ዶሮ አስኬድካት፣ አስዘፈንካት። አጠገብህ የነበረችው የሳይንስ መምህርት «እኚህ ሰውዬ ተለማምደው ነው የመጡት፣ ይሄ አይቆጠርም!» ብላ ቀናችብህ። እኔማ ከኩራቴ ብዛት መሬት ጠበበኝ።

ከምሳ በኋላ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት «አይታየንም» ብለው አጉረመረሙ። ሰው ልጥቀም ብዬ የስክሪኑን ቅንብር ቀየርኩት። ቀለሙ ሁሉ ጠፍቶ፣ ነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ደምቆ ወጣ። ከዚያ አንተን ወደ ፊት ጠራሁህ፤ ልኮራብህ ፈልጌ።

ማውሱን ይዘህ ቆምክ።

«ቢጫው የታለ?» አልክ።

«ቀለሙን ይርሱት መምህር፤ ‹ጀምር› የሚለውን ይጎትቱ» አልኩህ።

ጎተትክ። ያነሣኸው ግን «አቁም» የሚለውን ነበር። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «አይ መምህር፣ ቀልድ እኮ ያውቁበታል!» አለች የሳይንስ መምህርቷ። አንተም አብረህ ሳቅክ። እኔ ፊትህን አየሁት፤ አፍህ ይስቃል፣ ዓይንህ ግን ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ይፈልጋል። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው «ጀምር»ን ማንበብ አልቻለም።

ወጥተህ ስትሄድ ኮሪደሩ ላይ ደረስኩብህ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩህ።

«ቆይቷል። ቀለም ይታየኛል እኮ! ፊደሉ ነው እንደ ጉንዳን የሚተራመስብኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

«ማየት ለተሳነው አስተማሪ ማን ክፍል ይሰጠዋል? እንዳትናገሪብኝ ልጄ።»

ከዚያ ግድግዳውን እየዳሰስክ ደረጃውን ወረድክ። ግድግዳ እየዳሰስክ እንደምትሄድም ዛሬ ነው ያየሁት።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አሁን ተቀምጬ ሁሉንም ስገጣጥመው ራሴን ያዞረኛል። መልእክት ስጽፍልህ መልስህ ሁልጊዜ መደወል ነበር፤ «ድምፅሽ ናፍቆኝ ነው» ስትለኝ ሆዴ ይባባ ነበር። በትንሽ በትልቁ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» እያልክ የምትምለው ሰውዬ መሐላውን ስትተወው፣ «አባዬ ዕድሜ አረመው» ብዬ ለባሌ አወራሁ። ይባስ ብሎ ያ ዘዴህ! ልጆቹ ደብተር ተቀያይረው እርስ በርስ እንዲተራረሙ የምታደርገው፣ ርእሰ መምህሩ ያጨበጨበልህ፣ እኔ በየሥልጠናው ለሌሎች የማስተምረው! አባዬ፣ ያንን ያመጣኸው ማንበብ አቅቶህ ነው? ኧረ በፈጠረህ!

ተናድጄብሃለሁ። ፈርቻለሁም። እነዚያ ልጆች ፊደል ሲያጣምሙ ማን ያቀናላቸዋል? የእኔን እጅ ይዘህ ነው ያቀናኸው። ይህን እያወቅክ በየጠዋቱ ሰሌዳው ፊት መቆምህ ደግሞ እንዴት ያለ ጭንቅ ነው? ብቻህን እንዴት ቻልከው?

የዓይን ሐኪም ዘንድ ለሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። ሞራ ሊሆን ይችላል፤ ሞራ ከሆነ ይገፈፋል ብለውኛል። እኔው መጥቼ እወስድሃለሁ። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ አልልም። ከሐኪሙ በኋላ ግን ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ርእሰ መምህሩ ጋ አብረን እንገባለን፤ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። እወድሃለሁ፤ ግን ለአንተ ብዬ እነዚያን ልጆች አልበድልም።

እዚህ ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለማን ነው? ማን ሊያነብልህ? ጎረቤት ልትጠራ?

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ጮክ ብዬ እያነበብኩ እቀዳዋለሁ፤ ጠዋት አንተ ያስዘፈንካት ዶሮ ትናገርልኛለች። ላፕቶፑን ባሌ ያደርስልሃል፤ ምን እንዳለበት አያውቅም። ስትከፍተው ለማንበብ አትጨነቅ፤ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ቀለሞቹን መልሻቸዋለሁ። ቢጫው እዚያው ቦታው ላይ ነው፤ ንካው።

ፊደል ያስቆጠርካት ልጅህ