የተደበቀው ወንበር

ጥቅምት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

አዲስ አበባ ሄጄ የዳሌ መገጣጠሚያዬ ከተቀየረ ዛሬ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሐኪሙ «ቁጢጥ እንዳይሉ፤ ይወልቅብዎታል» ብሎኛል። ስለዚህ ለሽንት ቤቱ አናጺ መሐሉ የተበሳ ከፍ ያለ ወንበር ሠራልኝ። ትርንጎ ዛሬ የደበቀችብኝ እሱን ነው።

ትርንጎ የሟቹ ባሌ እህት ናት። ላስታምምሽ ብላ ከአምበር መጣች እንጂ እኔ አልጠራኋትም። ከሰዓት በኋላ ጠያቂዎች ቤቱን ሞልተው ሳለ ሽንቴ መጣ። በክራንች እያነከስሁ ብደርስ ወንበሩ የለም። ተመልሼ በሰው ፊት «ወንበሬን የት አደረግሽው?» አልኋት።

«ኧረ ቀስ በይ! ሰው ሁሉ ያንን አይቶ ምን ይላል? ለአንድ ቀን እንደ ሰው ብትቀመጪ ምን ትሆኛለሽ?»

«ዳሌዬ ቢወልቅ መልሰሽ ልትገጥሚው ነው?»

«ብረት አስገብተሽ መጣሽና ሰው ናቅሽ!»

«አምጪ!» ብዬ ጮህሁ። ሠላሳ ዓመት ተማሪ ጸጥ ያሰኘሁበት ድምፅ ነው። ከጎተራው ጀርባ አውጥታ በእንግዶቹ መሐል ተሸክማው አለፈች። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍም ደስ ይለኛል፤ አላፍርበትም።

እንግዶቹ ሲወጡ ልብሷን መሸከፍ ጀመረች።

«ነገ እሄዳለሁ» አለች።

«ሂጂ» አልኋት።

ጎንበስ ማለት ስለማልችል ጠዋት ጠዋት ካልሲዬን የምታጠልቅልኝ እሷ ናት። ነገ በባዶ እግሬ እውላለሁ እንጂ ቆዪ አልላትም።