ወፍ የለም

መስከረም 18
ድንቢጦች የበረንዳውን መብራት ወረሱት። መስታወቱ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ዛሬ ነገ ስል ገለባቸውን ጠቅጥቀው ገቡበት። ባለቤቴ ደስ ብሏታል። ሲመሽ እኔ ጋዜጣዬን በምን ላነብ ነው? የጠየቀኝ የለም። ባለቤቴ የምታውቀውን መብራት ሠሪ ልጅ ለሚቀጥለው ወር ቀጠርኩ።

መስከረም 24
ባለቤቴ ታናሽ እህቷ ወልዳ ልትረዳት ሄደች። ለእህቷ የጻፈችው ካርድ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እጄ አላርፍ አለ... በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ስሕተት አረምኩ። ሁለቱ የ"ሰ" እና የ"ሠ" ናቸው። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ የነበረ ሰው ምን ያድርግ? ካርዱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሻንጣዋን አነሣች። በር ላይ ስትደርስ፣ "እኔን ከምታርም ወፎቹን ጠብቅ። እንቁላል ጥለዋል። አደራ።" ደህና ሁን እንኳን የለም።

መስከረም 27
ደወለች። "ወፎቹስ?" ደህና ናቸው አልኩ። "በል እሺ።" ዘጋች። እኔ ጉንፋን ይዞኛል... ለማን ይነገራል?

ጥቅምት 4
ተፈለፈሉ። ወንበር ላይ ወጥቼ አየሁ፤ ሦስት ናቸው። ላባ የለ፣ መልክ የለ፣ አፍ ብቻ። ስትደውል እሷ ሳትጠይቀኝ ነገርኳት። ሣቀች። ሣቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ?

ጥቅምት 9
ዛሬስ ጉድ ሆኜ ነበር። የመብራት ሠሪውን ቀጠሮ ለካ ረስቼዋለሁ። ፀጉር ቤት ተቀምጬ፣ ግራ ጉንጬ ተላጭቶ ቀኙ አረፋ እንደተቀባ መልእክት ገባ። "ጋሼ መጥቻለሁ በሩ ክፍት ነበር ገባሁ መብራቱ ጋ ወፍ የለም"

አራት ነጥብ የለው፣ ምን የለው። ትርጉሙ ግን ግልጽ ነው... አውርዶ ጥሏቸዋል። ፎጣውን አንገቴ ላይ እንዳደረግሁ ሮጥኩ። ፀጉር አስተካካዩ ከኋላዬ "ኧረ አባቴ፣ ፎጣዬን" ይላል። አደራ ብላኝ ነበር እኮ። ምን እላታለሁ? ደግሞስ ከዚህ በኋላ ለምን ብላ ትደውላለች?

ስደርስ መብራት ሠሪው ልጅ ቴስተር ይዞ ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ቆሟል።

"ወፎቹን ምን አደረግካቸው?"

"ምን አደርጋቸዋለሁ? ይኸው እየጮሁ ነው።"

"ወፍ የለም ብለህ ጽፈህልኝ የለም እንዴ?"

"እ... ኤሌክትሪክ የለም ለማለት ነው። ወፍ የለም ማለት እኮ ምንም የለም ማለት ነው ጋሼ። ሰምተው አያውቁም?"

ሰምቼ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ስንቱን መጽሐፍ ሳርም አንድ ደራሲ እንኳን አልጻፈውም። ሌላ ቀን ና አልኩት።

"ጋሼ፣ ግማሽ ፊትዎ..."

"አውቃለሁ።"

ለእሷ ነገርኳት። እስኪያስላት ሣቀች።

ጥቅምት 19
በረሩ። ሁለቱ ጠዋት ሄዱ። ሦስተኛው ጠርዙ ላይ ሲያንገራግር እኔ ወንበር ላይ ቆሜ "አይዞህ" ስለው ልጁ መብራቱን ልሥራ ብሎ መጣ። አብረን ሸኘነው። "አሁን እንግዲህ የእውነት ወፍ የለም" አለኝ። መብራቱ ይቆይ አልኩት።

"ወፎቹስ?" አለች ስትደውል።

"ደህና ናቸው። ወፍረዋል።"

ምን ነካኝ? ፈርቼ ነው። ስልኩ እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው።

ጥቅምት 21
"ወፎቹስ?" "ትንሹ ክንፉን እየሞከረ ነው።" ሰው በስልሳ ስምንት ዓመቱ መዋሸት ይጀምራል?

ጥቅምት 22
ሁለቱ ወንዶች ሳይሆኑ አይቀሩም አልኳት። በምን አወቅክ ትለኛለች ብዬ ስጨነቅ "በል እሺ" ብላ ዘጋች።

ጥቅምት 24
ሳትነግረኝ መጣች። ሻንጣዋን እንደያዘች ቀጥ ብላ በረንዳ። ቀና ብላ አየች።

"ወፎቹስ?"

"ወፍ የለም" አልኩ።

"አውቃለሁ። የበረሩ ዕለት ልጁ መብራቱን ልሥራው ወይ ብሎ ደውሎልኛል።"

"ታዲያ አምስት ቀን ሙሉ ወፎቹስ፣ ወፎቹስ የምትይኝ..."

ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። "ምን ብዬ ልደውል? ናፈቅከኝ ልበል?"

እኔም ናፍቀሽኝ ነበር አልኳት። አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

አሁን መብራቱ ሥር ወረቀት ለጥፋለች። "ለከርሞ ወፎች ተይዟል። እንዳይሰራ።"

በንጉሡ "ሠ" ነው የሚጻፈው። ቀዩ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ነው... እዚያው ይቀመጥ።