ሐያት የማትጾምበት ረመዳን

ሰኞ፣ የካቲት 24። ከቀኑ 7፡00

መጋረጃውን ዘጋሁ። ልጄ ሐያት ምሳዋን እየበላች ነው። እኔ ጾመኛው በረንዳ ላይ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ፣ አሁን እንግዳ እንዳይመጣብኝ የምጸልይ ሰው ሆኛለሁ።

ማስታወሻዬ፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ ከአንተ በቀር የምነግረው የለኝም። ልጄ አዲስ አበባ ኩባንያ አቋቋመች። የእኛው አካባቢ የሆሞሻ ገበሬ ወደ ኩባንያዋ ይደውላል፣ የማንጎን የዕለት ዋጋ በበርታ ቋንቋ ይሰማል። ደላላ አያታልለውም። ሥራው ሲያድግ እንቅልፍ ተወች። ያገኘችውን ሁሉ ትቀጥራለች፤ ጦርነት ላይ ባለችው ካርቱም ቢሮ እከፍታለሁ ትላለች። ከዚያ ወራት ሙሉ ከአልጋ አልተነሳችም። ሐኪሙ ባይፖላር ነው አለ። ሊቲየም አዘዘላት። ተረጋጋች። ዛሬ ሥራውን ከእኔ ሳሎን ትመራለች።

የሐኪሙ ጥብቅ ትእዛዝ፦ ውኃ እንዳይቋረጥባት። ውኃ ካነሰ መድኃኒቱ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ጾም የለም።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ሐሊማ አየቻት። በርታ ናት፣ ጎረቤታችን፣ በአማርኛዋ ሴቱም ወንድ ነው፤ ዋጋውን በድምጿ የምትቀዳልን እሷ ናት። እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገባች። ሐያት ብርጭቆ ይዛለች።

«መምህር፣ ይሄ ልጅ ትልቅ ነው። ለምን ይጠጣል?»

ጨጓራ አልኩ። ከአፌ ወጣ። ጨጓራ ማንም አያፍርበትም።

ዓርብ፣ የካቲት 28

ሐሊማ ማርና ጥቁር አዝሙድ ይዛ መጣች። የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ ዱዓ አስደርጋለች። መስጊድ ስሄድም የሚጠይቁኝ ስለ ጨጓራዋ ነው።

ሐያት ማሩን አመስግና ተቀበለች። ሐሊማ ስትወጣ ግን፦ ጨጓራዬ ደህና ነው አባዬ፣ አንተ ያፈርከው በጭንቅላቴ ነው፣ አለችኝ።

ራቷን ክፍሏ ወስዳ በላች። ብቻዬን አፈጠርኩ።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ጉድ ሆንኩ። ለካ ከቅዳሜ ጀምሮ እየጾመች ነው! ምሳውን ለድመት ስትሰጥ ያዝኳት። መድኃኒቱን ግን ትውጣለች፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ እንደገና ለመንኳት። አዲስ አበባ ሸሪኮቼ እንደተሰነጠቀ ብርጭቆ ያዩኛል፣ እዚህ እንኳ እንደ ሰው ልሁን አለች። በሩን ዘጋችብኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2። ሆስፒታል

ጠዋት እጇ ተንቀጠቀጠ። አስመለሳት። አንደበቷ ተሳሰረ። ባጃጅ። ሐሊማ ደግፋት አብራን መጣች።

ነርሱ ምን መድኃኒት ትወስዳለች አለ። ሐሊማ አጠገቤ ቆማለች። መለስኩለት፦ ሊቲየም። ለምን? ባይፖላር፤ የአእምሮ ሕመም። ድምፄ ክፍሉን ሞላው፤ የመምህር ጉሮሮ ሹክሹክታ አያውቅም።

ግሉኮስ ተሰቀለላት። ወደ ማታ ዐይኗ ጠራ። ሐሊማ አንሶላዋን እያስተካከለችላት፦

«ታዲያ ማሬን ማን በላው?»

ሐያት ሳቀች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ሐሊማ ወደ ኮሪደሩ ይዛኝ ወጣች። ሕመም ከአላህ ነው አለች። ለሰው ግን እንዳልናገር መከረችኝ፤ ገበሬው የእብድ ዋጋ ነው ብሎ ስልኩን ይዘጋል። እውነቷን ነው። የልጄ ሥራ በእምነት የቆመ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 5። 11፡30

ቤት ገብተናል። ሐያት ውኃዋን ትጠጣለች። እኔ መስጊድ ለአፍጥር ተጠርቻለሁ። ስለ ጨጓራዋ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ዝም ብል ነገም በሐፍረት ትጾማለች። ብናገር ሥራዋ ሊፈርስ ይችላል።

ምስጢሩ የእሷ ነውና ልናገር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የእብድ ዋጋ ነው ቢሉስ?

ደውለው ዋጋውን ከገበያው ጋር ያስተያዩት አለች። ቀጥላም፦ ትንሽ አሟት ነው እንዳትላቸው፣ ስሙን ጥራው።

እጠራዋለሁ። ከአፍጥር በኋላ ግን። የተራበ ሰው አያዳምጥም።